ለእንግዳ የተተወው ስህተት

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ከፊቴ የቆሙ ሁለት ወጣቶች አንድ የተጠበሰ በቆሎ ለሁለት ገምሰው እየጋጡ ያወራሉ። አንደኛው ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ፣ የፈለገ ሰው ሁሉ በነጻ በሚሠራበት አንድ ፕሮግራም ውስጥ መግባቱን ለጓደኛው ይነግረዋል። «አቀባበላቸው አሪፍ ነው፤ ለጀማሪ ብለው ቀላል ስህተት አስቀምጠው ነው የሚጠብቁህ» አለ። ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ጥላዬን ዘረጋሁ፤ ንግግሩ ግን አናደደኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም። እኔ የታየኝ ሌላ ክረምት ነው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ ማለት ይከብደኛል፤ ሠላሳን አልፌ ነበር። በትምህርት ግን ገና ልጅ ነበርኩ። ቀን አቃቂ አንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት እየሠራሁ በማታው ክፍል ተምሬ፣ ኮሌጅ የጨረስኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ነው። ኮድ መጻፍንም ከመጽሐፍ ነው የለመድኩት፣ ብቻዬን። ሰው መሐል ገብቼ መናገር ስለማይሆንልኝ፣ «ማንም ይምጣ» የሚል የፕሮግራም ሠሪዎች የኢንተርኔት ግሩፕ ሳገኝ ዓለም የተከፈተልኝ መሰለኝ። የሚሠሩት ፕሮግራም ከቃሊቲ፣ ከገላን፣ ከኮዬ ፈጬ የቱ አውቶቡስ ከየት እንደሚነሳ ለተሳፋሪ በስልኩ የሚነግር ነው። ኮንዶሚኒየሙ አዲስ፣ ፌርማታው ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ በነበረበት ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

የሚመራው ናሆም የሚባል ሳቂታ ልጅ ነበር። «እትዬ ትርሲት፣ እንኳን ደህና መጣሽ፤ ቤትሽ ነው» ብሎ ጻፈልኝና የመጀመሪያ ሥራዬን ሰጠኝ። ከኮዬ ፈጬ ጠዋት የሚነሳው አውቶቡስ ወደ አስፋልቱ ዳር ተዛውሯል፤ ፕሮግራሙ ግን አሁንም ብሎኮቹ መሐል ያለውን የድሮውን ፌርማታ ነው የሚያሳየው። በርቀት ማረም ይቻል ነበር። እኔ ግን ሳላይ የማምን ሰው አይደለሁም። ቅዳሜ ሄድኩ። ጭቃው ጫማዬን አንዴ ነጥቆ አስቀረብኝ፤ አንድ የስልጤ ባለሱቅ እየሳቀ እግሬን የምታጠብበት ውሃ ሰጠኝ፤ ተራ አስከባሪውም ትክክለኛውን ቦታ አሳየኝ። ማታውኑ አርሜ ላክሁ። ግሩፑ በጭብጨባ ተጥለቀለቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

ብዙነሽ ከእኛ ግቢ ወጥታ ኮዬ ፈጬ የገባች የድሮ ጎረቤቴ ናት። እናቷን፣ እማማን፣ ለዓይን ሕክምና ለማድረስ ስንት ጊዜ የጠበቀችው ቀጠሮ ደርሶላት ነበር። አውቶቡሱ ከየት እንደሚነሳ ስትጠይቀኝ በኩራት፣ ስልክሽን እመኚው፣ እኔ ነኝ ያረምኩት አልኳት።

በቀጠሮው ዕለት ደወለች። ድምፅዋ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

«አንቺ ልጅ፣ እማማን ዝናብ ላይ ገትሬያቸው አውቶቡሱ በዚያ ማዶ አለፈን። አሁን ሌላ ቀጠሮ እስኪሰጡን እንጠብቃለን እንግዲህ።»

ፕሮግራሙን ከፈትኩት። የድሮው ፌርማታ ተመልሶ ተቀምጧል። መቼም እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብዬ ናሆምን ቃሊቲ አንድ ካፌ አገኘሁት። ማኪያቶውን እያማሰለ ሳቀ።

«አይ እትዬ፣ አንቺ ምንም አላበላሸሽም። እኛ ነን የመለስነው።»

ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ አስረዳኝ። አዲስ ሰው ከባድ ሥራ ሲሰጠው ደንግጦ ይጠፋል። ስለዚህ ይህቺን ቀላል ስህተት ለመግቢያ ለይተዋታል፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ያርማታል፣ ይጨበጨብለታል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው እንግዳ መልሰው ያስቀምጧታል። ከእኔ በፊት የገቡት ሁሉ ያውቃሉ። ያጨበጨቡልኝም እያወቁ ነው።

«መለማመጃ ከሆነ በሌላ ቅጂ ላይ ለምን አታደርጉትም?» አልኩት።

«ሰው ደስ የሚለው እኮ እውነተኛውን ሲነካ ነው።»

«እማማም የቆሙት እውነተኛው ዝናብ ላይ ነው።»

ትንሽ አፈረ። ግን ወዲያው፣ «ማን ያን ያህል ይጠቀምበታል ብለሽ ነው እትዬ?» አለኝ።

እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይቺ ናት። እንግዳ ለመቀበል ሲሉ ጣሪያውን የሚበሱ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው መኖሩን ግን የማያምኑ ሰዎች ናቸው። አልጮህኩበትም። ዛሬውኑ አስተካክሉት ብዬው ተነሳሁ፤ እሺ፣ እናየዋለን አለኝ።

አላዩትም። ብዙም ሳይቆይ ማህሌት የምትባል አዲስ ልጅ ገባች፤ ያንኑ ፌርማታ አርማ፣ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው ብላ በደስታ ጻፈች። ጭብጨባው እንደገና ዘነበ። እኔ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «ማህሌት፣ ይህን እኔም አርሜው ነበር፤ ከአንቺ በኋላም ይመልሱታል። ስህተቱን ያመኑ አሮጊት ሕክምናቸው አልፏቸዋል።» መልሷን ሳላይ ከግሩፑ አስወጡኝ። ደስታዋን ያበላሸሁባት ክፉ ሴትዮ እንደሆንኩ ታስብ ይሆናል። ታስብ።

ብዙነሽ ዛሬ ድረስ አውቶቡስ ስትፈልግ ተራ አስከባሪ ነው የምትጠይቀው። እኔንም አትወቅሰኝም፤ አለመውቀሷ ግን ይበልጥ ያንገበግበኛል። ያኔ የተናደድኩት ለእማማ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ለማንም የማይጠቅም ሥራ ይዛ በጭቃ ለተላከችው ሴት፣ ለራሴም ነው። እንግዳ ተከበረ የሚባለው የሠራው ነገር ሳይፈርስ ሲቆይለት ነው። ጭብጨባማ ለሕፃንም ይጨበጨባል።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ፕሮግራም ውስጥ ገባሁ ያለውን ወጣት ትከሻ ነካ አደረግኩ።

«ያረምከውን ነገር የሚጠቀምበት ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

በቆሎውን ከአፉ አወጣ። «አይ፣ እሱን እንኳ አልጠየቅኩም እናቴ።»

«ጠይቅ» አልኩት።