ከቦሌ የሄደው ብልቃጥ

በደርግ ዘመን ተመራማሪ ሆኜ የቁንጭርን ተውሳክ ከሕሙማን ቁስል እየወሰድኩ በቤተ ሙከራ አራባ ነበር። ቁንጭር የሰው ፊት ላይ ወጥቶ ክፉ ጠባሳ ጥሎ የሚሄድ በሽታ ነው። አንድ የውጭ አገር ተቋም ክትባት ልንሞክርለት ነው ብሎ ከነናሙናዬ ጠራኝ። የመውጫ ቪዛ ስጠይቅ ግን ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ፣ «ወንድምሽ ጫካ ገብቶ አንቺ አውሮፕላን ያምርሻል?» አለኝ።

ናሙናውን ወደ አገራቸው የሚመለሱት የውጭ አገር መምህሬ ወሰዱልኝ። ቦሌ ድረስ ሸኘኋቸው። ብልቃጡን በጥጥ ጠቅልዬ እየሰጠኋቸው፣ «አደራ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው» አልኳቸው።

«ትከተይዋለሽ» አሉኝ።

ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም አይርቅም ነበርና በእግሬ ተመለስኩ። እናቴ በር ላይ ቆማ፣ «ማን ሄደ?» አለችኝ።

«ሥራዬ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ለተማሪዎች የሰገራ ምርመራ ሳስተምር ኖርኩ። ደርግ ወድቆ የመውጫ መንገዱ ሲከፈት የሚጠራኝ አልነበረም፤ መምህሬም አርፈዋል። ክትባቱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እኔ ብሄድ ኖሮ ይገኝ ነበር አልልም። ሲሞከር አጠገቡ አለመኖሬ ግን አሁንም ያንገበግበኛል።