ወደ ግራ የማትታጠፈው ቀይ መኪና

የናዝሬቱ መካኒክ ፈይሳ ቀይዋን ክፍት መኪና የገዛት አብዮቱ ሲፈነዳ ጓዙን ጠቅልሎ ካገር ከወጣ ጣሊያን ነው። ከፊት ሁለት ሰው፣ ከኋላ ደግሞ ተጣበው የሚቀመጡ ሁለት ትይዛለች። ለሩጫ የተሠራች ናት። ነገር ግን ሞጆ አካባቢ ከድልድይ ግንብ ጋር ተላትማ መሪዋ በመዶሻ ከተቃና ወዲህ አመል አወጣች። ወደ ቀኝ እንደ ጋሪ ባለችበት ትዞራለች፤ ወደ ግራ ግን የኳስ ሜዳ ካልሰጧት እሺ አትልም። መለዋወጫ ደግሞ በዚያ ዘመን ከየት ይምጣ!

ፈይሳ አመሏን ተቀብሎ ኖረ። ከጋራዡ ወደ ቤቱ አንዲት የግራ መታጠፊያ አለች፤ እሷን ሽሽት ገበያውን ሁሉ ይዞራል፣ ያውም ቤንዚን በኩፖን እየታደለ። ሰው ይስቅበታል። እሱ ግን ሌላ ሰው መሪዋን እንዲይዝ ቀርቶ በሯን እንዲደገፍ እንኳ አይፈቅድም። ባለቤቱ ሻሼ «ለእኔ እንዲህ ብትሳሳልኝ ምን ነበረበት» ትለው ነበር።

ልጁ ፀሐይቱ ስትዳር፣ የሙሽራ አባት ቤቱ ሆኖ ይመርቃል እንጂ መኪና አይነዳም ቢሉት አሻፈረኝ አለ። በሠርጓ ቀን ራሱ ነድቶ ሊወስዳት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቃል ገብቶላታል። ሙሽራው ኃይለየሱስ ወታደር ነው፤ ከሰሜን ግንባር በአጭር ፈቃድ መጥቶ ከሠርጉ በኋላ ወዲያው ይመለሳል።

ሙሽሮቹ ከኋላ ተቀምጠው፣ እልልታው ቀልጦ፣ ፈይሳ ሞተር ካስነሳ በኋላ ነው ጉዱ የገባው። ከግቢው ለመውጣት ሁልጊዜ ወደ ቀኝ በሚያዞርበት ባዶ ቦታ ላይ ዳስ ተተክሎ እንግዳ ሞልቶታል። ያስተከለው ደግሞ ራሱ ነው! ፊት ለፊት ግድግዳ፣ በግራ በኩል ወደ በሩ የሚያወጣ ጠባብ ቦታ። እጁን ወደ ኋላ ማርሽ ሰደደ።

«ፈይሳ!» አሉ የሻሼ እናት እማማ አሰለፈች። «የሙሽራ መኪና ወደ ኋላ አይሄድም! ልጅቷን አባቷ ቤት ልትመልሳት ነው?»

«ታዲያ ይውረዱና ላዙራት፣ እማማ።»

«ወርዳ ከደጃፍህ ከቆመችማ ያው ተመለሰች!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። ፀሐይቱ ግን የባሏን ክንድ ጭምቅ አድርጋ ይዛለች፣ ዓይኗም እንባ ሞልቷል። አባቷ ቤት የምትመለሰው ባሏ ከግንባር ከቀረ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ፈይሳን ላብ አጠመቀው። በስንት ፍቅር ያዘጋጃት መኪና ለልጁ ሟርት ልትሆንበት ነው።

ከወንጂ የመጡት የሙሽራው ዘመዶች፣ ሸንኮራ ሲሸከሙ የኖሩ ትከሻ ሰፊዎች፣ ጠጋ አሉ። ከመካከላቸው ጃራ የሚባለው «ጋሼ፣ ከፈቀዱልን ተሸክመን እናዙራት» አለ። ሰው ሁሉ ፈይሳን አየ።

ፈይሳ መሪውን ለቀቀ። «ኧረ አቦ፣ ያዙ!» አለ።

ሚዜዎቹም ተጨመሩ። «ሆ!» እያሉ ከፍ፣ ፈቀቅ አደረጓት። ቀይዋ መኪና ሙሽሮቹንና ባለቤቷን እንደያዘች ባለችበት ወደ ግራ ዞረች። እማማ አሰለፈች ራሳቸው ከኋላ ይገፉ ነበር።

አስፋልቱ ላይ ሲወጡ ፈይሳ በመስታወቱ ሙሽራውን አየው።

«ኃይሌ፣ ስትመለስ ይህችን መኪና የምትነዳት አንተ ነህ። አመሏን ቀስ ብዬ አሳይሃለሁ።»

ፀሐይቱ አባቷን እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም። ወደ ባሏ ዞረች።

«ሰማህ? አባባ ቃል ከገባ ገባ ነው። መምጣት አለብህ።»