ቦርሳ የተቀመጠበት ወንበር

በአንድ አየር መንገድ መሳፈሪያ በር ላይ ያየኋቸው አሮጊት፣ ልጆቻቸው ባዘዙላቸው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አስቀምጠው ከጎኑ ይራመዳሉ። ከረጅሙ ቀሚሳቸው ሥር አዲስ የሩጫ ጫማ ተጫምተዋል።

«እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ! የታዘዘው ለእርስዎ ነው» አላቸው ወንበሩን የሚገፋው ሠራተኛ።

«ያዘዘው ይቀመጥበት! ዛሬ ከተቀመጥኩ ነገ ‹ብቻዋን መኖር አትችልም› ብለው ቤቴን ይሸጡብኛል። ይልቅ ቦርሳዬን እንዳትጥልብኝ።»

የአውሮፕላኑ ደረጃ አጋማሽ ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። መደገፊያውን ጨብጠው ቆሙና የአውሮፕላኑ ጅራት ላይ ወደተሳለችው የአየር መንገዱ አርማ ወፍ አንጋጠጡ። ከኋላቸው ሰልፉ ተገታ። አንድ ጎልማሳ ክንዳቸውን ሊደግፍ እጁን ዘረጋ።

«ምን ያጣድፍሃል ልጄ? ወፏን እያየሁ ነው» አሉት።

ጎልማሳው እጁን ሰበሰበ። ከዚያ እሱም፣ ከኋላው ያለነውም ቀና ብለን ወፏን አየን።