ከጀርባው በቀር ያልታየው ሰው

ሰውዬው በትልቁ የሙዚቃ አዳራሽ ሃያ ሁለት ዓመት ወንበር ሲያቀናጅ ኖሯል። መጀመሪያ የመጣው የተሰበሩ መቀመጫዎችን ሊጠግን ነበር፤ አናጢ ነው። ለሦስት ቀን የመጣ ሰው እዚያው ቀረ። አንዱ ሙዚቀኛ ጨርሶ ሲወጣ እሱ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ወንበሩን ለተረኛው ቁመት ያስተካክላል፣ የኖታ ማስቀመጫውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል፣ ይሄዳል። ሥራውን ያስለመዱት ሽማግሌ የመከሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦

"ፊትህን አታሳይ። ሰው የመጣው አንተን ሊያይ አይደለም።"

ቃሉን ጠበቀ። ሲገባ አንገቱን ደፍቶ፣ ሲሠራ ጎንበስ ብሎ፣ ሲመለስ ጀርባውን ሰጥቶ ነው።

ይህ ልማዱ ቤቱን ያመሰው የወጣት ሙዚቀኞች ዓለም አቀፍ ውድድር ወደ አዳራሹ የመጣ ጊዜ ነው። ውድድሩ ሳምንቱን ሙሉ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፍ ነበርና ሚስቱ፣ አማቱና የአሥራ አንድ ዓመት ልጁ ከሶፋው አልነሣ አሉ።

"ይኸው መጣ!" ትላለች ሚስቱ።

"የታል?" ይላሉ አማቱ።

"ያውና፣ ኮቱ!"

አማቱ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉና መልሰው ያደርጋሉ። "እኔ ልጄን ለሰው የዳርኳት መስሎኝ፤ ለካ ለኮት ነው።"

ትንሿ ልጅ ግን አልሳቀችም። አባቴ በቴሌቪዥን ይወጣል ብላ ለክፍል ጓደኞቿ አውርታ ነበር። እነሱም አይተው፣ "ጀርባማ የሁላችንም አባት አለው፤ ውሸታም!" አሏት።

"አባዬ፣ እሁድ የመጨረሻው ቀን ነው። አንዴ ብቻ ዞር በል።"

"አይሆንም የኔ ልጅ።"

"ለአንድ ሰከንድ!"

"ሥራዬ ነው። እንዲህ ነው የምሠራው።"

እሁድ ጠዋት ቻው እንኳን ሳትለው ወጣ። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቷል።

አዳራሹ ሲደርስ የቴሌቪዥን ሰዎች አዲስ ጥቁር ሱፍ ሰጡት። ኮቱ ልክ ነው፤ ሱሪው ግን ወገቡ ላይ አራት ጣት ይሰፋል። የራሱን ረጅም ቀበቶ አውጥቶ፣ ከሌሎቹ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ራቅ አድርጎ በምስማር አንድ አዲስ በሳ። ሲያጠብቀው ሱሪው እሺ አለ።

መድረኩ ላይ ሲወጣ ግን አዳለጠው። ወለሉ በሰም ተወልውሎ እንደ መስተዋት ሆኗል። ያስወለወለችው የሥርጭቱ ዳይሬክተር ናት፤ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ የምትሮጥ፣ ቁርስ የበላች የማትመስል ወጣት።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ ወለል ያንሸራትታል" አላት።

"ያበራል ጋሼ! በካሜራ ቢያዩት!"

"ዛሬ ቼሎ ተጫዋች አለች።"

ቼሎ ትልቅ ቫዮሊን በሉት፤ ተቀምጠው ጉልበታቸው መሃል ነው የሚይዙት። ከሥሩ ሹል ብረት አለው፤ ብረቱ መሬት ካልነከሰ መሣሪያው ከባለቤቱ ይሸሻል። ለዚህ ብሎ ሰውዬው ራሱ የሠራት፣ ከወንበሩ እግር ጋር የምትታሰር ቀዳዳ ያላት ሳንቃ አለችው። አሳያት።

"ምንድን ነው? የበር ቁራጭ?"

"ማቆሚያ ናት።"

"ሃያ አገር በሚያየው መድረክ ላይ ሳንቃ አላስገባም። ልጅቷ ብረቱ ጫፍ ላይ የምታደርገው የራሷ ጎማ አላት።" ሳንቃዋ ተወስዳ ውጭ በቆመው የካሜራ መኪና ውስጥ ተቆለፈባት።

ከሰዓት በኋላ ከስድስቱ ተወዳዳሪዎች በአራተኛ ተራ የቼሎዋ ልጅ ገባች። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ እጇ አጭር፣ ፊቷ ቆፍጣና። ሰውዬው መጋረጃው ጥግ ቆሞ ዓይኑን ከሹሉ ብረት ላይ አልነቀለም። ገና ሁለት ደቂቃ ሳትጫወት ጎማው ስንዝር ያህል ሸሸ። በጉልበቷ ጎትታ መለሰችው። አሁንም ሸሸ። ሙዚቃው ጉልበት ወደሚጠይቀው ቦታ ሲደርስ፣ ደጋኗን ጫን ስታደርገው ብረቱ ተፈናጠረ፤ ቼሎውን አንገቱን አንቃ አዳነችው። የሚያጅባት ኦርኬስትራ መሪ እጁን አወረደ። ኦርኬስትራው ቆመ።

"ማንም እንዳይንቀሳቀስ! በቀጥታ ላይ ነን!" አለች ዳይሬክተሯ በሹክሹክታ፣ ሹክሹክታዋ ግን ከጩኸት አይተናነስም።

ልጅቷ ወደ ዳኞቹ አየች፤ ዳኞቹም እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞረች። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ሰውዬው አየ። ጠዋት ቻው ያላለችው ልጁም ከንፈሯ እንዲሁ ነበር።

ቀበቶውን መዥረጥ አድርጎ ወጣ።

ተንበረከከ። ቀበቶውን በዘለበቱ አሹልኮ የወንበሩን የፊት እግር አሰረበት፤ ጫፉን ወደ ፊት ዘረጋው። ጎማውን ነቀለና ሹሉን ብረት ወደ መጀመሪያው ቀዳዳ ቢያስጠጋ ራቀ። ሁለተኛውም ራቀ። ሦስተኛውም። በምስማር የበሳው ላይ ሲሰካው ግን ልክ ሆነ፤ ለአጭር እጇ የተለካ ይመስል ነበር። ቼሎውን በእጁ ገፋ አደረገው። ንቅንቅ አላለም። ልጅቷ ቋንቋውን አታውቅም፣ እሱም ቋንቋዋን አያውቅም፤ አውራ ጣቱን ቀሰረላት፣ ሳቀች።

ሊነሣ ሲል ሱሪው ቀድሞት መውረድ ጀመረ።

ከኋላ በኩል በሁለት እጁ ለቀም አደረገው። እንደ ልማዱ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ሊሄድ አሰበ፤ አሁን ግን መታየት የሌለበት ነገር ያለው ጀርባው ላይ ነው። ሌላ መንገድ አልነበረውም። ፊቱን ወደ ካሜራው እንዳዞረ፣ እጆቹን ከኋላው ቆልፎ፣ እንደ ሚኒስትር ኮራ ብሎ፣ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየተራመደ ወጣ። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀና አጨበጨበ።

ዳኞቹ እንደገና ትጀምር ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቷ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ብረቱም እስከ መጨረሻው አልሸሸም። ውድድሩ ሲያበቃም ሁለተኛ ወጣች።

ዳይሬክተሯ ግን ገና ከመድረኩ እንደ ወጣ ቀጥታ ወደ እሱ ነበር የመጣችው። ልታባርረኝ ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ የገመድ ማሰሪያ ጥቁር ፕላስተር ዘረጋችለት።

"ወገብዎን ይጠቅልሉት ጋሼ፣ ገና ሁለት ተወዳዳሪ አለ።" ቀጥላም፣ "ሳንቃዋንም አስመጥቻለሁ" አለች።

ማታ ቀበቶውን በእጁ ይዞ፣ በፕላስተር ታጥቆ ቤቱ ገባ። አማቱ ከሶፋው ብድግ አሉ።

"ፊት አለው ለካ! ያውም ደህና ፊት!"

"ኧረ እማማ፣ ይቀመጡ።"

ትንሿ ልጅ ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችው።

"ዞር በል አልኩህ እንጂ ሱሪህን ያዝ መች አልኩህ?"

"ታዲያ ነገ ውሸታም ይሉሻል?"

"አይሉኝም። የሱሪው ሰውዬ ልጅ ነው የሚሉኝ።"

"ከፋሽ?"

ቀበቶውን ከእጁ ወሰደች። ትንሿን ጣቷን በምስማር ተበስቶ የቼሎው ብረት ባሰፋው ቀዳዳ አሳልፋ እያሽከረከረችው፣ "ይሄን ነገ ትምህርት ቤት ይዤው ልሂድ?" አለች።

"እኔስ በምን ልታጠቅ?"

"ፕላስተሩ አለልህ!" አሉ አማቱ።