ሁለት በአራት እና የቲቸር አዱሴ አልጋ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማምፖንግ ውስጥ አልጋ ስሠራ ኖሬያለሁ። የዚህ ከተማ ግማሽ ሕዝብ የተፀነሰው እኔ በሠራሁት አልጋ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ቢሆንብኝም ግድ የለኝም። እንግዲህ አስቡት፤ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ሃያ እርምጃ ላይ የሚኖሩ ሰው አልጋ አስፈለጋቸው። ታዲያ እኔን ጠሩኝ? የት አባቱ! ወረቀት አሳተሙ።

ሰውየው ቲቸር ኳቤና አዱሴ ናቸው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ። እኔንም አምስተኛ ክፍል አስተምረውኛል፣ ያ ማስተማር ከተባለ። ክፍልፋይ አልገባ ብሎኝ ከአሥር ሁለት ባመጣሁ ቁጥር ጆሮዬን ይዘው «ክዋሲ፣ አንተ እጅህ እንጂ ጭንቅላትህ አይሠራም» ይሉኝ ነበር። እኔም አመንኳቸውና እጄን ይዤ አናጢ ሆንኩ። በእጅ የሚሠራ ነገር ሲመጣ እንኳ ካልጠሩኝ መቼ ሊጠሩኝ ነው?

ነገሩ የጀመረው ባለቤታቸው እማማ አጆዋ ልብስ ሲያጥቡ አዳልጧቸው ዳሌያቸው የተሰበረ ጊዜ ነው። ኩማሲ ተወስደው በቀዶ ጥገና ተጠገኑ፤ ከዚያ እዚያው ልጃቸው ሴርዋ ቤት አረፉ። ሐኪሙ ዝቅ ያለ አልጋ ከልክሏል። ሲቀመጡ እግራቸው መሬት ይንካ፣ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው በላይ አይውጣ ብሏል። የቲቸር ቤት አልጋ ደግሞ መሃሉ ረግቦ ረግቦ፣ ሰው ሊነሳ ሲል ገመድ የሚጣልለት ዓይነት ነው። ሴርዋ በስልክ ቁርጡን ነገረቻቸው።

«አባዬ፣ የዛሬ ሰባት ሳምንት ቅዳሜ እማዬን ይዣት እመጣለሁ። አልጋው ላይ ሰው ሳይደግፋት ተቀምጣ ከተነሳች እሰየው። ካልሆነ ይዣት እመለሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ኑሮዋ እኔ ጋ ነው።»

ታዲያ ለምን አናጢ አልጠሩም? እማማ አጆዋ በተሰበሩ ቀን፣ ወደ ኩማሲ በሚወስዳቸው ታክሲ ውስጥ ተጋድመው፣ በሕመሙ መሃል፣ የባላቸውን እጅ ያዙና «ኳቤና፣ በአርባ አንድ ዓመት ትዳራችን ጠመኔ ከመያዝ ሌላ ይሄ እጅህ ምን ሠራልኝ?» አሏቸው። ለቀልድ ነው፤ እሳቸው እየሞቱም ይቀልዳሉ። ቲቸር ግን ቀልድ አያውቁም፣ ሆዳቸው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ይሄን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ንቀውኝ መሆኑን ብቻ ነበር፤ ቆሽቴ አርሮ ነበር።

ወረቀቱን ያሳተሙት ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ነው፤ ከኢንተርኔት የወጣ የአሜሪካኖች የአልጋ ንድፍ፣ አሥራ ስምንት ገጽ። እኔ ሱቅ ደጃፍ ቆመው አሳዩኝ፤ እንዲያው እንድቃጠል ይመስለኛል። ከላይ በትልቁ «በሁለት ቀን የሚያልቅ ጠንካራ አልጋ፦ ማንም ሊሠራው ይችላል» ይላል።

«ማንም ማለት ማን ነው ቲቸር?» አልኳቸው።

«ማንም ማለት ማንም ነው።»

«እኔ ይሄን ሥራ ለመልመድ አራት ዓመት የሰው ወርክሾፕ ጠርጌያለሁ። ማንም!»

«አንተ ንድፍ አልነበረህማ» ብለውኝ ሄዱ።

እሺ። እኔም ወንበሬን አወጣሁና ደጄ ላይ ተቀመጥኩ። ሥራ ላይ ያለን ሰው «አየኮ»፣ ማለትም በርታ፣ ሳይሉ ማለፍ ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ መንገደኛ እንኳ ለማያውቀው ገበሬ ይላል። እኔ ግን በየማለዳው «እንደምን አደሩ ቲቸር» እላለሁ እንጂ አየኮ ከአፌ አልወጣም። አየኮ የሚባለው ለሠራተኛ ነው፣ ለወረቀት አንባቢ አይደለም።

የመጀመሪያው ሳምንት በንባብ አለቀ። ቀይ እስክሪብቷቸውን አውጥተው ንድፉን ማረም ጀመሩ! ወይ ጉድ! የሰዋስው ስህተት፣ የነጥብ ስህተት፣ ሁሉንም አከበቡ። በሁለተኛው ሳምንት ገጽ አራት ላይ ሲደርሱ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። መንገዱን አቋርጠው እየሮጡ መጡ።

«እየው ክዋሲ! ሰውየው ሁለት በአራት እንጨት ግዙ ይላል። ሁለት ኢንች ውፍረት፣ አራት ኢንች ስፋት። እሺ?»

«እሺ።»

«ከዚያ የአልጋው እግር ላይ እንጨቱ የሚገባበትን አፍ ስንት ፈልፍሉ ይላል? አንድ ተኩል በሦስት ተኩል! ሁለት እንዴት አንድ ተኩል ውስጥ ይገባል? እንደዚህ ዓይነት ተማሪ ቢመጣብኝ ከሦስተኛ ክፍል አላሳልፈውም ነበር።»

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ። ማንም የአናጢ ልጅ ያውቀዋል። ግን ጠየቁኝ? አልጠየቁኝም፤ ነገሩኝ። ስለዚህ «ጉድ ነው ቲቸር» ብዬ ዝም አልኩ። እሳቸውም አሥራ ስምንቱንም ገጽ በቀይ አርመው እያንዳንዱን አፍ ሁለት በአራት አደረጉት። ለንድፉ ከአሥር አራት ሰጡት። እኔ ከማገኘው እጥፍ ነው።

እንጨቱ ከመሰንጠቂያው ሲመጣ በሜትር ለኩት። ሁለት በአራት፣ ቁጭ! ደብተራቸው ላይ ጻፉና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ከዚያ የአጆዋ እጅ በስንጥር እንዳይወጋ ብለው ማሽን ቤት ወስደው አስላጉት። ተልጎ፣ አብረቅርቆ መጣ። እሱን ግን አልለኩትም። አንዴ ተለክቷል፣ ተጽፏል፣ ተሰምሮበታል!

አፍ መፈልፈሉ ሦስት ሳምንት ፈጀ። መሮ አያያዛቸው ቢላዋ እንደሚፈራ ሰው ነው። የግራ አውራ ጣታቸው በመዶሻ ተመትቶ ተመትቶ ባሚያ መሰለ። እኔ ደጄ ላይ ተቀምጬ የበቆሎ ኬንኬዬን እየበላሁ እስቃለሁ፤ አልዋሽም፣ ምግብ ይጥመኝ ነበር።

አንድ ቀን ግን ኬንኬዬን አስቀመጥኩ። የአልጋው ቁመት ላይ ደርሰው ኖሮ ወደ ኩማሲ ደወሉ። ስልክ ሲያወሩ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ያሉ ይመስል ስለሚጮኹ መንገዱ ሁሉ ይሰማል።

«አጆዬ! ጉልበትሽ ከመሬት ስንት ኢንች ነው?»

እማማ አጆዋም ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት። «ጉልበቴን ምን አደረግኸው?»

«ለሥራ ነው!»

«አርባ አንድ ዓመት ስታየው ኖረህ አሁን ትጠይቀኛለህ?»

«አልለካሁትማ!»

እማማ አጆዋ ሲስቁ ከዚህ ይሰማል። ሴርዋ በሜትር ለክታ ነገረቻቸው፤ አሥራ ስምንት ኢንች ተኩል። ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብተው እማማ የሚቀመጡባትን በርጩማ አወጡ፣ ለኳት፣ ደብተራቸው ላይ ጻፉ፣ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ ቦታዋ መለሷት። አንጀቴን በሉት። ቢሆንም አየኮ አላልኩም። እልኸኛ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ዓርብ ጠዋት፣ ሴርዋ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀር፣ ቲቸር ሜትራቸውን እንደ አለንጋ ይዘው ሱቄ ገቡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ክዋሲ፣ እንጨቴን ምን አደረግከው?»

«ምን አደረግኩት?»

«አግዳሚው አፉ ውስጥ ይዋኛል! ዛሬ ስለካው አንድ ተኩል በሦስት ተኩል ሆኗል! ስገዛው ሁለት በአራት ነበር፣ ጽፌዋለሁ። በየቀኑ እዚህ ተቀምጠህ ስትስቅ አላየሁም መሰለህ? ገብተህ ልገኸዋል!»

ደም ፍላቴ መጣ። «እኔ? የሰው ግቢ ገብቼ በነፃ እንጨት ልልግ? ቲቸር፣ እኔ በክፍያም ስሠራ አኩርፌ ነው!»

«ታዲያ ግማሹ ኢንች የት ሄደ?»

«ማሽን ቤት ወለል ላይ ነዋ! ሲላግ ከያንዳንዱ ጎን ይነሳለታል። አሜሪካኖቹ እንጨቱን ተልጎ ነው የሚገዙት፤ ለዚህ ነው አፉን አንድ ተኩል ያሉት። ንድፉ ትክክል ነበር። ያበላሹት እርስዎና ቀይ እስክሪብቶዎ ናችሁ!»

«አንድ ተኩል ከሆነ ለምን ሁለት ይሉታል? ሁለት ሁለት ነው!»

እዚህ ላይ ጭንቅላቴ ሠራ። በሕይወቴ አንዴ።

«ቲቸር፣ ኳቤና ያሉዎት ለምንድን ነው?»

«ማክሰኞ ስለተወለድኩ ነዋ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ዓርብ።»

«ታዲያ ዛሬ ማን ልበልዎት? እንደ ዓርብ ልጅ ኮፊ? ቀኑ አልፎ ስሙ እንደቀረ እርስዎ ላይ አያዩም? ሁለት በአራትም የልደት ስሙ ነው። ከግንዱ ሲወለድ ሁለት በአራት ነበር። ከዚያ ማሽኑ ላገው፣ ኑሮ አከሳው፤ ስሙ ግን እስኪቃጠል ድረስ ሁለት በአራት ነው።»

ቲቸር ሜትራቸውን ጠቀለሉ። በርጩማዬ ላይ ዘፍ ብለው ያበጠ አውራ ጣታቸውን ማየት ጀመሩ። ከዚያ የታክሲውን ነገር፣ እማማ ስለ እጃቸው የተናገሩትን፣ አንድ በአንድ ነገሩኝ።

«እና ነገ ይወስዷታል» አሉ። «ሰባት ሳምንት ሙሉ ሠርቼ፣ እጄ ያው የጠመኔ እጅ ነው።»

አፈርኩ። ተነሳሁና ከሥራ ጠረጴዛዬ ሥር አራት ያልተላጉ የኦዱም እንጨቶች ጎተትኩ። ሜትሬን ዘረጋሁ። ሁለት በአራት፣ ቁጭ።

«እርስዎ አፉን የፈለፈሉት ላልተላገ እንጨት ነው። እንግዲያው ያልተላገ እናጉርሰው።»

ቲቸር እንጨቱን እያዩ «ግን አንተ አትነካውም» አሉኝ።

«ምን ቆርጦኝ! እኔ አፌን ብቻ ነው የማውሰው።»

ቃሌን ጠበቅኩ። አንድ ምስማር አልመታሁም፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ «እዚህ ጋ ይቁረጡ፣ መጋዙን አይጨቁኑት፣ ኧረ ቀስ!» እያልኩ ስጮህ ዋልኩ። እጄ ኪሴ ውስጥ እንዴት እንዳሳከከኝ እኔ ነኝ የማውቀው። አግዳሚው አፉ ውስጥ ገብቶ ግጥም አለ። ሲወዘውዙት አልተንቀሳቀሰም።

«አየኮ፣ ቲቸር» አልኩ።

«ያ ኤ» ብለው እንደ ወጉ መለሱ።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እማማን የሚነካውን የላይኛውን ጎን በብርጭቆ ወረቀት በእጃቸው ሲፈትጉ ዋሉ። ሲጨርሱ ቀይ እስክሪብቶ አወጡ፣ አልጋው ሥር በጀርባቸው ተንፏቀው ገቡና የሆነ ነገር ጻፉ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። «ክዋሲ፦ 9/10» ይላል።

«አንዷ ለምን ተቀነሰች?»

«አምስት ሳምንት ሙሉ መልሱን እያወቅክ እጅህን ስላላወጣህ።»

ቅዳሜ ረፋድ የሴርዋ መኪና መጣ። እማማ አጆዋ በምርኩዝ ቀስ ብለው ገቡ፤ ከስተዋል፣ ሻሻቸው ግን ያው ቀዩ ነው። ቲቸር ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ መሰሉ። እኔ በር ላይ ነኝ። ሴርዋ እናቷን ልትደግፍ ስትል እማማ በምርኩዛቸው ገፋ አደረጓትና ተቀመጡ።

አልጋው ድምፅ አላሰማም። እግራቸው መሬት ነካ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ መልሰው ተቀመጡ። ከዚያ መዳፋቸውን አግዳሚው ላይ አስኬዱ፣ ጣታቸውን ወደ ሥሩ ሰደዱና ያልተላገውን አገኙት።

«ከላይ ለስላሳ፣ ከሥር ሻካራ» አሉ። «ያንተ ተቃራኒ ነው፣ አንተ ኳቤና። ማን ሠራው?»

ቲቸር እጃቸውን ብቻ አነሱ፤ ያ ባሚያ የመሰለው አውራ ጣት ለብቻው ቆመ። እማማ አጆዋ እጁን ሳብ አድርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና ጣቱን ቀስ ብለው ማሸት ጀመሩ።

«ሴርዋ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ሻንጣዎቼን አውርጂ።»

ቲቸር በቀጭኑ «ሻንጣዎቼ? ስትሄጂ አንድ ከረጢት ነበር የያዝሽው» አሉ።

ሴርዋ ሳቀች። «ሦስት ነው አባዬ። እዚያ የገዛችውን፣ ድስቷን ሳይቀር፣ ሐሙስ ዕለት ነው ሸክፋ የጨረሰችው። 'እማዬ፣ ቆይ እንጂ፣ አልጋውን እንኳ እንየው' ብላት፣ ምን ትለኛለች?»

«ዝም በይ» አሉ እማማ አጆዋ።

«'ባይሠራውም መሬት ላይ አብሬው እተኛለሁ' አለችኝ።»

ቲቸር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እጃቸው ግን እማማ ጭን ላይ እንዳለ ነው። እኔም ሻንጣ ላወርድ ወጣሁ። ሦስቱንም ለብቻዬ ተሸከምኩ።