ጁባ ላይ የተቆጣሁበት ገና

ልጅ እያለሁ ገና ማለት ብርድ ነበር። የእንጅባራ ሜዳ በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ለብሶ ያድራል፤ እኛ ልጆች ጋቢ ተከናንበን፣ አፍንጫችን እየፈሰሰ፣ ትልልቆቹ ሩሯን ጫፉ በታጠፈ ዱላ ሲያላጓት ለማየት ከቀርከሃው አጥር ሥር እንኮለኮላለን። የተረገጠው ሣርና የእርጥብ ወይራ ዱላ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

አባቴ የሚፈራ ሰው ነበር። የተጣላ ሁሉ ለሽምግልና የሚመጣው እሱ ዘንድ ነው፤ ቤት ውስጥ ሲያስል እንኳ ጸጥ እንላለን። በገና ቀን ግን ዱላውን ይዞ ከገበሬው ጋር ሜዳ ይወርዳል። አንድ ዓመት የእሱ ወገን ተሸነፈና፣ እኛ ቤት ተቀጥሮ የሚያርሰው አለሙ በሰው ሁሉ ፊት አወረደበት፦

«የአቶ ተገኘ እግሩ ነው ቆልማማ፣
በመሃሉ አልፋ ሩር ገባች ከተማ።»

እኔ በንዴት አለቀስኩ። አባቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ቤት ስንገባም አለሙን አጠገቡ አስቀምጦ አጎረሰው። አኩርፌ ሳፈጥበት አይቶ ጆሮዬን ቆንጠጥ አደረገና፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማህም?» አለኝ።

ዘንድሮ ገናን ያከበርኩት ጁባ ነው። የሕንፃ ሥራ አሠራለሁ፤ ከሥሬ ያሉት ልጆች አብዛኞቹ የዳንግላና የጥሊሊ ናቸው። የከተማው ሰው የራሱን ገና አክብሮ ሰንብቷል፤ እኛ ብቻ ነን በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ ጾም የፈታነው። ልጆቹ ከማንጎ ቅርንጫፍ ዱላ ጠርበው፣ ጨርቅ በፕላስተር ጠቅልለው ሩር ሠርተው፣ «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ላቤ ዓይኔን እያቃጠለኝ ብሮጥም ሩሯ በአጠገቤ ሽው እያለች አለፈች። ተሸነፍን። ይበልጣል የሚባል ሲሚንቶ የሚያቦካ የዳንግላ ልጅ ዱላውን ሽቅብ ይዞ ጀመረኝ፦

«የአለቃችን ቦርጭ ወደ ፊት ተገፋ፣
ሩር ከሥሩ ገብታ መውጫ በሩ ጠፋ።»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። የአገሬው ዘበኛ እንኳ ነገሩ ሳይገባው ሳቀ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ። ሙቀቱ ይሁን አለቅነቱ እንጃ፣ ፊቴን አጥቁሬ «ነገ ሥራ ላይ እንገናኛለን» አልኩት።

ዱላው ሁሉ ዝቅ አለ። አንዱ ቀስ ብሎ «በቃ ምሳ ይቅረብ» አለ። ምሳ ላይ ወንበር ለቀቁልኝ፣ ከዶሮው ፈረሰኛውን አወጡልኝ፤ የሚቀልድ ግን ጠፋ። አፈርኩ። ተነስቼ ይበልጣልን ይቅርታ ልጠይቀው ቃል ስፈልግ እሱ ቀድሞኝ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊነካ እየቃጣው፣ «ጋሼ፣ ገና መስሎኝ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አለኝ።

ያኔ አባቴ ጌትነቱን ለአንድ ቀን ሜዳ ላይ ጥሎ ሲመለስ ምንም አልጎደለበትም። እኔ ግን በሰው አገር ባገኘኋት ትንሽ አለቅነት ላይ ሙጭጭ አልኩ። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «ግድ የለም» አልኩት። ይቅርታ ጠያቂው እኔ መሆን ሲገባኝ፣ ይቅር ባይ ሆኜ አረፍኩት።