አራት ጊዜ ወድቄ ያገኘሁት መንጃ ፈቃድ

የስንብት ደብዳቤዬን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። በአንድ የግል ትምህርት ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝና ከእንግዲህ ሥራው ሁሉ በኮምፒውተር እንደሚሆን፣ ለእኔም «እረፍት እንደሚገባኝ» በትህትና ነገረኝ። ከዚያ ረቂቁን አቀበለኝ።

«እባክሽ ዛሬውኑ ጻፊው፤ ሌላ የሚጽፍ ሰው የለንም» አለኝ።

ተቀምጬ ጻፍኩት። ሁለት የፊደል ስህተት አረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ፣ በወጪ መዝገብ ላይ ለራሴ ፈርሜ ተረከብኩት። ቀጨኔ ቤታችን ስገባ እናቴ አስነበበችኝ። እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ «አማርኛው ግን እንዴት ያምራል» አለች።

ታላቅ ወንድሜ በየአዳራሹ የሚሰጥ የስኬት ሥልጠና የማያመልጠው ሰው ነው። ወሬውን እንደሰማ እየበረረ መጣ። «ሥራ አላጣሽም! ዕድል በርሽን አንኳኳ እንጂ!» አለኝ። እንዲህ ያለው አንኳኪ በሩን ነቅሎ ነው የሚሄደው ብዬ በሆዴ ያዝኩት። ራሱ ወንድሜ ጂም ተመዝግቦ በአራተኛው ቀን «ጉልበቴን» ብሎ የቀረ ነው፤ ይህንን ግን በሥልጠና ቦታ አያነሳውም።

ቁም ነገር ያመጣችው ሽሮ ሜዳ ነጠላ የምትሸጠው ጎረቤቴ ናት።

«የተማሪ ሰርቪስ ላይ ሴት ሾፌር ይፈልጋሉ። ወላጅ ሴት ያምናል። አንቺ ደግሞ የልጆች አመል ታውቂያለሽ። ምን ይቀርሻል?»

«መንዳት» አልኳት።

በአርባ ሦስት ዓመቴ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ተመዘገብኩ። አሠልጣኜ ከእኔ ይልቅ ከስልኩ ጋር የሚያወራ፣ በጥሪ መሃል «ፍሬን! ፍሬን!» የሚል ሰው ነበር፤ ለእኔ ይሁን ለሚያወራው ሰው ለመለየት ጊዜ ይወስድብኝ ነበር። የጽሑፉን ፈተና ባንዴ አለፍኩ። ወረቀት ከድቶኝ አያውቅም።

በተግባር ፈተናው የመጀመሪያ ቀን ዳገት ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ። መኪናዋ ወደ ኋላ ስትንሸራተት ፈታኙ ዳሽቦርዱን በሁለት እጁ ያዘና አማተበ። ወደቅኩ። በሁለተኛው ፓርኪንግ ላይ አንዷን ቋሚ እንጨት ነካኋት። ነካኋት ስል፣ ሰላም እንደማለት ያህል ነው፤ ፈታኙ ግን ሰው እንደገደልኩ አድርጎ ጻፈብኝ። በሦስተኛው ዳገቱንም ፓርኪንጉንም እንደ ውሃ ጠጣሁት። ጨርሼ በኩራት ዞር ስል ፈታኙ ደረቴን ያያል። ቆጣ ልለው አፌን ስከፍት ነው ቀበቶ አለማሰሬን ያወቅኩት።

በሳምንቱ ስለ እኔና ስለ መሪ የማያውቅ የቀጨኔ ሰው አልነበረም። «ለበጎ ነው» የማይለኝ ጠፋ። እናቴም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ምናልባት መድኃኔዓለም የሚመጣውን አደጋ አይቶ ይሆናል የሚከለክልሽ» አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ፣ ያ በር ሲያንኳኳ የከረመው ዕድል ስልክ ቁጥሩን የቀየረ ይመስል፣ «ሰው አቅሙን ማወቅ አለበት» አለ።

ሳቅኩ፤ ግን ተጎዳሁ። ወረቀቶቼን ቁም ሳጥን ውስጥ ከብርድ ልብስ ሥር ከተትኩ። ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጣሁም ማለት ይቻላል። ሱቅ እንኳ የምሄደው በየደጁ የሚቀመጡት የሰፈር ሴቶች ሲገቡ ጠብቄ ነው።

አንድ ከሰዓት እናቴ ለጋቢዋ ጥለት እንዳሠራላት ሽሮ ሜዳ ላከችኝ። ታክሲው ውስጥ ጋቢና ደረሰኝ። ዳገቱ መሃል ላይ ሞተሩ ጠፋ። ወደ ኋላ ተንሸራተትን፤ ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩንባውን አምባረቀ፤ ተሳፋሪው «በስመ አብ» አለ። ሾፌሩ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው፣ አስነሳ። ጠፋ። ደግሞ አስነሳ። ደግሞ ጠፋ። በሦስተኛው ወጣን። ማንም «ወድቀሃል፣ ውረድ» አላለውም።

«ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ስንት ጊዜ ወደቁ?» አልኩት ሳላስበው።

ገልመጥ አደረገኝ። «አራቴ። በአምስተኛው ያሳለፈኝ ፈታኙ ፊቴ ስለሰለቸው ነው መሰለኝ።» ከዚያ ነገሩ ገባው። «አንቺም ዳገት ነው?»

«ዳገት፣ ፓርኪንግና ቀበቶ።»

«ቀበቶውን እሰሪው እንግዲህ» አለና ሳቀ። «ዳገቱን ደግሞ በዓይንሽ አትፈልጊው፤ በሰውነትሽ ስሚው። የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቀስ እያልሽ ስትለቂ መኪናዋ መቀመጫሽ ሥር ትንቀጠቀጣለች። ያኔ የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ። ማንም ከኋላ ቢጮህብሽ ለእሱ አትቸኩዪ።»

ወንድሜ በዓመት ከሚሰማው ሥልጠና ሁሉ ይህ ይበልጥ ነበር፤ አዳራሽም ማይክም አላስፈለገውም።

ጥለቱን አሠርቼ ስመለስ ወረቀቶቼን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣሁ። ልቤ በጀግንነት አልሞላም። ዝም ብዬ አሰብኩት፦ ብቀርም ይስቃሉ፣ ብወድቅም ይስቃሉ፤ እየነዳሁ ቢስቁብኝ ይሻላል። አሠልጣኜ ሲያየኝ ስልኩን ከጆሮው አነሳ፤ ከተዋወቅን የመጀመሪያው ነበር። የቀጨኔን ቁልቁለትና ዳገት ሁለት ሳምንት ስመላለስበት ሴቶቹ ዱካቸውን ደጅ አውጥተው ይመለከቱኝ ጀመር። አንዷ «ዛሬ ሁለቴ ብቻ ነው ያጠፋሽው!» ብላ አጨበጨበችልኝ።

አራተኛው ፈተና ላይ ጉድ ተፈጠረ። ቀበቶዬን አሥሬ ቁልፉን ባዞር መኪናዋ ዝም አለች፤ ባትሪዋ ሞቷል። በዚህ ሁሉ ወር እኔ ሳልሆን መኪና ስትወድቅ የመጀመሪያዬ ነው። ግን ፎርሙ ላይ «መኪናዋ ወደቀች» የሚል ቦታ አልነበረም፤ ፈታኙ ብዙ ፈለገና ከእኔ ስም ፊት ለፊት «አላለፈም» ላይ ምልክት አደረገ። ጸሐፊ ነበርኩና አዘንኩለት፤ ፎርም ላይ ቦታ የሌለው ነገር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። በዚያው ቀን ቀጠሮ ይዤ ወጣሁ።

በአምስተኛው ዳገቱ ላይ መኪናዋ መቀመጫዬ ሥር ስትንቀጠቀጥ ጠበቅኳት። ከኋላ አንዱ ጡሩንባ ነፋ፤ አልቸኮልኩለትም። ወጣሁ፣ አቆምኩ፣ እንጨቶቹን አንዳቸውንም ሰላም አላልኩም።

«ውረጂ» አለኝ ፈታኙ።

እንባዬ መጣ። «አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። አልፈሻል። ውረጂና ሌላው ይግባ እንጂ።»

እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ምስጋና አደረሰች፤ የተከለከለው ነገር እንዴት እንደተፈቀደ አላብራራችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ወንድሜ በሥልጠናው መድረክ ላይ የእኔን ታሪክ «እኔ ያበረታኋት እህቴ» እያለ እንደሚናገር ሰማሁ።

አሁን ጎረቤቴ በነገረችኝ የተማሪ ሰርቪስ ጠዋት ጠዋት ከሸጎሌ አሥራ ሁለት ሕፃናት አሳፍራለሁ። ሞተሩ ዛሬም አልፎ አልፎ ይጠፋብኛል፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሦስት እስኪቆጥሩ አስነሳዋለሁ። ባለፈው ወር የልጆቹን ትምህርት ቤት በር ስገባ የመኪናዋን ጎን ከብረቱ ጋር ፈገፈግኩት። አስተዳዳሪው ወጥቶ ጭረቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ይቅርታ» አልኩት። «ከሰዓት በስንት ሰዓት ልምጣ?»

«በዘጠኝ ተኩል ነዋ» አለና ገባ።

በዘጠኝ ተኩል እዚያው በር ላይ ነበርኩ።